ያልተሞላው የጥገና ቅጽ

ሲሯሯጥ ስለሚውል ብቻ ታታሪ የተባለ ሰው አታውቁም? እኔ ዲላ አንድ እንዲህ ያለ ባልደረባ ነበረኝ። መሥሪያ ቤታችን የሚረከበውን ቡና የሚመዘግበውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አብረን እንጠግን ነበር፤ ከኮንጋ ቀበሌ የሚመጣውን ቡና የሚመዘግበው ክፍል የእሱ፣ ከሬኮ ቀበሌ የሚመጣውን የሚመዘግበው የእኔ ድርሻ ነበር።

አለቃችን ሥራችንን የሚለካው በጥገና ቅጽ ብዛት ነው። ባልደረባዬ ሰኞ የጠገነው ሐሙስ ይበላሻል፤ ለሰኞም ቅጽ፣ ለሐሙስም ቅጽ። እኔ ከሥሩ ስለማስተካክል የምሞላው አጣሁ። ጥፋቴን ታያላችሁ?

አዲስ አበባ ለሥልጠና የሚሄድ ሰው ሲፈለግ አለቃችን ጠራኝ።

«እህቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ቅጽ? ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«እንዳይበላሽ ስጠብቅ።»

«ላልተበላሸ ነገር ቅጽ የለንማ!»

ባልደረባዬ ሄደ፤ እዚያው ቀረ፤ ትልቅ ሰው ሆኗል አሉ። ይሁንለት። የእሱ ድርሻ ለእኔ ተጨመረና በሁለት ወር መበላሸቱን አቆመ። አለቃችንም «እንግዲህ እዚህ ሥራ የለም» ብሎ መዝገብ ቤት አዛወረኝ።

እስከ ጡረታዬ ፋይል እየደረደርኩ የኮምፒውተሮቹን ክፍል በር ከማዶ ሳይ ኖርኩ። አንድ ቀን ፕሮግራሙ እክል ገጥሞት «ነይ እስቲ» ቢሉኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ! ምን ያደርጋል፣ አጥብቄ ሠርቼው ነበር፤ ማንም አልጠራኝም።