«ገባኝ» ያለው ጎረቤቴ

ሳይገባው «ገባኝ» የሚል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ጎረቤቴ የነበረው ሸማኔው ዳና እንዲያ ነበር። በጠብ ሰው ደብድቦ ሲፈረድበት ዳኛው፣ «የእስር ቅጣትህ በገደብ ታግዷል፤ ሳታስፈቅድ ከአርባ ምንጭ እንዳትወጣ። ገባህ?» አሉት።

«በሚገባ፣ ክቡር ፍርድ ቤት!» አለና ነፃ የወጣ መስሎት እየሳቀ ወደ ቤቱ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ እህቱን ሊድር ሳያስፈቅድ ከከተማው ወጥቶ ዶርዜ ሄደ። ወንድም ሆኖ እንዴት ይቅር? ከሙሽራው በላይ ሲጨፍር ያ እሱ የደበደበው ሰው አየውና ለፍርድ ቤት አመለከተ። ገደቡ ተነስቶ እንዲታሰር ሲወሰን እኔም ችሎቱ ውስጥ ነበርኩ።

ዳኛው፣ «ገባኝ ብለህ አልነበረም?» አሉት።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዳኛን አልገባኝም ይሏል እንዴ?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳና ግን እጁን ለካቴና ሰጥቶ ወደ እኔ ዞረና ቀስ ብሎ፣ «ለመሆኑ ገደብ ማለት ምንድን ነው?» አለኝ።

ምነው ያኔ ዳኛውን በጠየቃቸው!