የመጀመሪያዋ «ኖ»

«ኖ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ ሰው አለ? እኛማ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር፣ አማን ገብተን ዓረብኛው እስኪገባን ድረስ የኖርነው በእሷ ነው። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲወደድብን «ኖ»፤ ባለታክሲው ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ «ኖ»፤ ልጆቹ የእናታቸውን ክሬም ግድግዳ ሲቀቡ «ኖ! ኖ! ኖ!» ጣጣው ወዲህ ነው፦ «ብዪ» ስንባልም የምንመልሰው እሷኑ ነው። ታውቁታላችሁ መቼም! ሆዳችን እየጮኸ «ኧረ በልቻለሁ» እንላለን፣ «በሞቴ!» እስክንባል። ለምኖ የማያበላ ሰውስ ምኑን ጋበዘ?

የምሠራው ስዌፍየህ የሚባል የአማን ሰፈር ነው። አንድ ቀን ከከተማው ወዲያኛው ዳር፣ ማርካ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። አሠሪዎቿ ጠቅልለው ኩዌት ሊገቡ ነው፤ እሷንም ይዘዋት ነገ ይበርራሉ። «ዛሬ ካላየሁሽ መቼ ላይሽ ነው?» አለችኝ። አሠሪዬ ማዳም ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

«ሄደሽ ልታያት ትፈልጊያለሽ?»

እኔ ሞኟ! «ኖ ማዳም፣ ሥራ አለብኝ» አልኳት አንገቴን ደፍቼ። ልቤ ግን ማርካ ደርሷል። ማዳም «ኦኬ» ብላ መኝታ ቤቷ ገባች። ኦኬ? በቃ? እንዲህም አድርጎ ልመና አለ?

ሸሚዝ እየተኮስኩ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። የማዳም አማት፣ ሐጃ የምንላቸው አሮጊት፣ ሶፋው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተው ኖሮ ምራታቸውን ጠሩ። «አንዴ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ? እንግዳ ቡናውን አልጠጣም ቢልሽ ፊንጃኑን ይዘሽ ትመለሻለሽ?» ብለው በዓረብኛ ጮኹባት። ማዳም ግራ እንደገባት ደግማ ጠየቀችኝ። እመኑኝ፣ አፌ ልማዱን መች ይተዋል፣ አሁንም «ኖ» አልኩ! ሐጃ ወለሉን በከዘራቸው መቱና «ወላሂ ትሄጃለሽ! ያላ!» አሉ። ከማሉልኝ በኋላማ ምን እጠብቃለሁ፣ ካውያውን ነቅዬ ሮጥኩ። ታክሲ ያስጠሩልኝም እሳቸው ናቸው፤ እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

እህቴን ከምትሠራበት ሕንፃ በር ላይ አገኘኋት። ተቃቅፈን አለቀስን። ትንሽ ቆይታ እንባዋን ጠረገችና «በይ ሂጂ፣ ይመሽብሻል፤ እኔ ደህና ነኝ» አለችኝ።

«ትንሽ ልቆይ?»

«ኖ፣ ሂጂ።»

የእናቴ ልጅ! ደረጃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ አሠሪዋ እስክትጠራት ድረስም አላነሳችውም።

ማዳምም ተምራለች። ከዚያ ወዲህ አንዴ ጠይቃ ትታኝ አታውቅም። የማልወደውን የወይራ ፍሬ የምሬን «ኖ» ብላትም «ለሐጃ ልንገርብሽ?» እያለች ሳህኔ ላይ ትቆልልልኛለች። እግዜር ይስጣት፣ እየመረረኝ እበላለሁ።