አስር ያመጣው ሳሙና

በሴኡል ዳርቻ ያለው የሳሙና ፋብሪካ ለሳይንስ ያለው አክብሮት ወደር የለውም። ደንበኞች "ፊታችንን አቃጠለን" እያሉ ሲያስቸግሩ፣ ሊቀመንበሩ ክቡር ዶ ሳንግፒል ሳይውሉ ሳያድሩ ከፍተኛ ስብሰባ ጠሩ። የጥራት ክፍል ምክትል ኃላፊው ማዬንግ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። የክፍሉ ኃላፊ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማዬንግ ሊቀመንበሩ በሳቁ ቁጥር ሲስቅ የኖረው ለዚያች ወንበር ነው።

የላብራቶሪዋ ባንግ ኡንሱክ ተነሳች።

"የሰው ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ በፒኤች መለኪያ አምስት ተኩል ገደማ ነው። የእኛ ሳሙና አስር ነው። ቤዝነቱ ስለበዛ የቆዳውን መከላከያ ጠራርጎ ይወስደዋል። የሚያቀላውና የሚያሳክከው ለዚህ ነው።"

ሊቀመንበሩ በጥልቅ አሰቡ።

"ሳሙናችን አስር አመጣ፤ ቆዳው አምስት ተኩል?"

"ክቡር ሊቀመንበር፣ ፈተና እኮ አይደለም..."

"ታዲያ ሰነፉ ማነው?"

"ቆዳው!" አለ ማዬንግ። "ማታ ማታ ማስጠኛ ይግባ!"

ሊቀመንበሩ ሳቁ። ማዬንግም ሳቀ።

ቀጥሎ፣ ጉዳዩ በተግባር እንዲረጋገጥ ተወሰነ። ተሰብሳቢው ሁሉ ፊቱን በሳሙናው አረፋ ለቀለቀ። በማዕድ ታላቅ ማንኪያውን ሳያነሳ ታናሽ እንደማያነሳ ሁሉ፣ ሊቀመንበሩ ሳይታጠቡም የሚታጠብ አልነበረም። እሳቸው ደግሞ አረፋቸውን እንደለበሱ የፋብሪካውን ታሪክ ከአባታቸው ውልደት ጀመሩ።

"የሚያቃጥለው ሰው አለ?" አሉ መሃል ላይ።

"ኧረ ይቀዘቅዛል!" አለ ማዬንግ፣ ሁለት ዓይኖቹን ጨፍኖ።

"እኔን አቃጥሎኛል" አለች ባንግ፤ ወጥታም ታጥባ ተመለሰች።

"በቃ፣ አለቀላት" አለ ማዬንግ በልቡ። ያቺ ባዶ ወንበር የእሱ እንደሆነች ቆጠረ።

ንግግሩ አብቅቶ አረፋው ሲታጠብ፣ አዳራሹ በሙሉ የኪምቺ፣ የዚያ በበርበሬ የታሸ ጎመን፣ መልክ ይዞ ነበር። የሊቀመንበሩ ጉንጭ በተለይ ድልህ መስሏል። "ደም ግባት ጨመርን" አሉና፣ ለሳሙናው ማስታወቂያ ታች ለሚጠብቁት ፎቶ አንሺዎች የሚታይ ፊት ፍለጋ ዓይናቸውን አንከራተቱ። ማዬንግ ላይ ቆም አሉ። ልቡ ዘለለች። አልፈውት ሄዱ።

"እዩ! ሳሙናችን ያጠራውን ፊት እዩልኝ! ከዛሬ ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ ባንግ ናት!"

"ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ ቀድሜ ስለታጠብኩ ነው..."

"ትሕትናዋን ደግሞ ስሙ!"

መጀመሪያ ያጨበጨበው ማዬንግ ነው። እንባው በተላጠው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ያዩ ባልደረቦቹም፣ በሰው ሹመት እስከዚህ የሚደሰት ሰው አይተን አናውቅም ብለው አደነቁት።