የውሃ ሞግዚቱ አቶ አዛናው

ሳይጠየቅ የሚመክር ጎረቤት የሌለበት ሰፈር በዚህ አገር ገና አልተቆረቆረም። ድስትሽን እንዲህ ክደኚ፣ አህያህን እንዲያ ጫን እያለ፣ ከዶሮ ጋር ተነስቶ የሰው ጥፋት ሲለቅም የሚውል አንድ ሰው የግድ ይኖራል። በመተማ ቆላ ላለችው ለገንዳ ውሃ ከተማ ሰዎች የደረሷቸው ክቡር አቶ አዛናው ነበሩ። የእሳቸው ምክር ስለ ድስትም ስለ አህያም አልነበረም፤ ስለ ውሃ ነው። መከራውን ከማንም በላይ የምታውቀው ደግሞ የግድግዳ ጎረቤታቸው የሻረግ ነበረች፤ ለቀን ሠራተኞች ሻይና ቀዝቃዛ ውሃ እየሸጠች የምትኖር ሴት።

አቶ አዛናው የሰሊጥ እርሻ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበሩ። አብዮቱ መጥቶ እርሻው ሲወረስ፣ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የመስታወት ሣጥን ትቶላቸው ሄደ። በውስጡ ሁለት የውሃ እንሽላሊቶች ነበሩ፤ አራት እግር ያላቸው፣ ሆዳቸው እንደ በርበሬ የቀላ፣ ኑሯቸው ውሃ ውስጥ የሆነ። ብርድ አገር የተፈጠረ ነገር የመተማን ሐሩር ችሎ ይከርማል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አቶ አዛናው ግን ከቤታቸው ጨለማ ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው ሣጥኑን እስከ አፉ ቀበሩት። ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ አለበሱት። የወንዝ አሸዋ አጥበው ከሥሩ አነጠፉ፤ የወንዙ ውሃ ከሚተኛበት ዳር ሳር ነቅለው ተከሉበት። ሳር የሌለው ውሃ ይታመማል ይሉ ነበር። የጉድጓድ ውሃ በሰፊ ሳፋ ሳያድር አይጨምሩም፤ ሲቀይሩም ከላይ ጥቂት ይቀንሳሉ እንጂ ሁሉንም አይደፉም። «ውሃ አይቸኮልበትም» የዘወትር ቃላቸው ነበረች።

እንሽላሊቶቹ የሚበሉት የመሬት ትል ነው። በበጋ ትል የሚገኘው ደግሞ ከየሻረግ ዚሮች ሥር ብቻ ነበር፤ ከሱዳን የመጡት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ውሃ እያንጠባጠቡ መሬቱን ስለሚያርሱት። ስለዚህ የሻረግ በገዛ ቤቷ ዚር ማንቀሳቀስ ተከለከለች። በሰርግ ቤት ጠላ ጠማቂዋን አገኘሽን፣ ውሃሽ አድሯል ወይ ብለው አሳፈሯት። በክርስትና ዕለት ቄስ ደሞዝን ስለ ማጥመቂያው ውሃ ያንኑ ጠየቋቸው።

አንድ ቀን የሻረግ መረራት። «አያ አዛናው፣ ለነዚህ የሚያስቡትን ያህል ለሰው ቢያስቡ ሚስት ባገኙ ነበር» አለቻቸው።

እሳቸውም ሳይከፉ መለሱ። «ሚስት ሲሞቃት ትናገራለች። እነዚህ አይናገሩም።»

በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ደርግን የሚወጋው የኢዲዩ ጦር ከሱዳን በኩል ገብቶ ከተማዋን ያዘ። በዚያው ሰሞን የከተማዋ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸና አቶ አዛናው ጠገኑት። ሕዝቡ ጠጣ፤ ታጣቂዎቹም ጠጡ። የደርግ ጦር ተመልሶ ሲመጣ ለጠላት ያገለገለ ሁሉ ይፈለግ ጀመር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሻው በስብሰባ መሐል አስነስቶ ለጠላት ውሃ ቀድተሃል ወይ ሲላቸው፣ ሌላው ሰው እንደሚያደርገው አልካዱም። ፓምፕ ጠጪውን አይለይም ብለው አስረዱ። ያ ሳይበቃቸው ሊቀ መንበሩን፣ የቀበሌያችሁ የውሃ ጉድጓድ ክዳን የለውም አሉት። የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። እጃቸው የፊጥኝ እንደታሰረ፣ ጆንያው ከቀትር በፊት ይርጠብ እያሉ ለየሻረግ ጮኹላት። አንዳንዱ ሳቀ። መኪናው ሲነሳ ሳቁም ቆመ።

የሻረግ እየተራገመች ሣጥኑን ወደ ቤቷ አዛወረች፤ ጉድጓዱን ቆፈረች፤ ውሃ አሳደረች፤ ትል ለቀመች። እህል የጫነ መኪና ለምና ተሳፍራ ጎንደር እስር ቤት ስንቅ አደረሰች። ዘበኛው ባዶውን ሳህን ሲመልስላት የእስረኛውን ቃል ነገራት፤ ትሉን ቆራርጪው፣ የተረፋቸውን አንሺ፣ ውሃ ያበላሻል። ምስጋና የሚባል የለበትም። መንገዱን ሙሉ ተቆጥታ ተመለሰች፤ ትሉን ግን ቆራረጠችው።

ሁለተኛ ስትሄድ ዘበኛው ሳህኑን አልተቀበላትም።

«ለእሱ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት።

የዚያን ቃል ትርጉም የማያውቅ በዚያ ዘመን አልነበረም። ምግቡን በር ላይ ለቆመች ለአንዲት እናት ሰጥታ ተመለሰች። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስም ራሱን የቻለ ወንጀል ነበር። ጎረቤቶቿ ፊቷን አይተው ተረዱ፤ በየቤታቸው ገብተው በር ዘጉ።

ሚያዝያ ሲገባ ሙቀቱ እንደ እሳት ሆነ። አንድ ጠዋት የሻረግ ጆንያውን ልታርስ ጎንበስ ስትል፣ አንደኛው እንሽላሊት ቀይ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ አሸዋው ላይ ተኝቷል። አያ አዛናው ያሏትን ሁሉ አድርጋ ነበር። በቅጠል አድርጋ አወጣችው፤ መቀነቷን አጥብቃ ደጇ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ለቃ አለቀሰች።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ያቺ ጠላ ጠማቂ አገኘሽ ነበረች። ሰሌን ተነጠፈ። የቀን ሠራተኞቹ መጡ። ቄስ ደሞዝም መጥተው ከዳር ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ሊቀ መንበር ቢሻው አብዮት ጥበቃ አስከትሎ ደረሰ።

«ማን ሞቶ ነው?»

የሻረግ ቅጠሉን ገልጣ አሳየችው።

«ለእንሽላሊት ነው ይህ ሁሉ ሰው?»

«እንግዳ ነው፤ በዚህ አገር ዘመድ የለውም» አሉት ቄሱ።

ቢሻው እንሽላሊቱን አየ፤ ሰዉን አየ። በወረደው መመሪያ ውስጥ ስለ እንሽላሊት የተባለ ነገር አልነበረም። አብዮት ጥበቃዎቹን አስከትሎ ሄደ።

አገኘሽ ያን ጊዜ ብድግ አለችና ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች። ጨዋ ነበር አለች። የክፉ ቀን ሰው ነበር አለች። ፓምፑ ቆሞ ልጆቻችን በውሃ ጥም ሊያልቁ ሲሉ፣ በገዛ እጁ ጠግኖ ያጠጣን አለች።

ማንም አላረማትም።