ከካዛንቺስ በጣሳ የመጣችው እንሽላሊት

የበደለችኝ ሰናይት ናት፤ የልጄ ሚስት። ስሟን የምጠራው እንድታውቁልኝ ነው። እኔ ሰው ከጀርባው አላማም። በስሙ ጠርቼ ነው የማማው።

ምን አደረገችሽ አትሉኝም? እንሽላሊቴን ከጣሳዋ አውጥታ ለቀቀችብኝ። አዎ፣ እንሽላሊት ነው ያልኩት። ሳቁና ስትጨርሱ ንገሩኝ።

የካዛንቺሱ ሰፈራችን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚችለውን ይዞ ወጣ። አንዱ በሩን ነቀለ። አንዷ ቆርቆሮዋን አስጫነች። እኔ ደግሞ ከአቡጀዲው ኮርኒስ ሥር የምትኖረውን እንሽላሊት በዱቄት ወተት ጣሳ ይዤ ወጣሁ። ክዳኑን በምስማር በሳስቼላት። ታዲያ ምን ልያዝ? ጎረቤት በጣሳ አይገባ! ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ መብራት ሳበራ ብቅ ስትል፣ “መጣሽ?” የምላት እሷን ነበር። ያቺው ናት ወይስ የልጅ ልጇ? እንጃ። እሷም እኔን ጠይቃኝ አታውቅም።

አሁን ያለሁት ቂርቆስ፣ ልጄ የተከራየው ቤት ነው። ያበሉኛል፣ ያከብሩኛል። ግን ካዛንቺስ ሳስል ከሦስት ቤት “ምነው እትዬ በላይነሽ?” ይሉኝ ነበር። እዚህ ሳስል ሰናይት ኪኒን ታመጣልኛለች። አንድ ነው? አይደለም።

እና ጣሳዋን አልጋዬ ሥር አኖርኳት። የተፈጨ ሥጋ ሰጠኋት፤ አልነካችውም። እንቁላል ቀቀልኩላት፤ እሱንም። የፆም ቀን ሆኖባት ይሆናል ብዬ ሽሮ አቀረብኩላት። ምን ላድርግ፣ ማን አስተማረኝ?

ግራ ሲገባኝ ጋሽ ኑሩ ጋ ሄድኩ። በራችን ላይ ቅመም ይሸጣል። የወሎ ቆላ ልጅ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቃል። ለመሆኑ ከእንሽላሊት ዘር ለቤት የምትሆነው የትኛዋ ናት? አልኩት። እስስት ካስቀመጧት አትነሳም አለኝ፤ ብቻ አንዱ ዓይኗ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ነው። ይቅርብኝ፣ እንደዚያ የምታይ ጎረቤት ነበረችኝ አልኩት። አርጃኖስ? እሱ ሲያድግ ዶሮውን ጨርሶ እርስዎን ከአልጋ ያወርድዎታል አለኝ። መስቀል ፍላወር ሰፈር ደግሞ አንድ ሰውዬ የውጭ አገሩን እንሽላሊት በመስታወት ሳጥን ያሳድጋል አሉ። ቀን ሙሉ አምፖል እያበራለት! እኛ ሰፈር መብራት ለሰውም አይበቃ ነበር።

“የኔዋስ?” አልኩት።

“እትዬ በላይነሽ፣ እሷን እኮ እርስዎ አላሳደጓትም” አለኝ። “የለመደችው ግድግዳውን ነው። ዝንቧንም ራሷ አድና ነው የምትበላው። በጣሳ ይገድሏታል።”

ተቆጥቼ በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ። እኔን ነው ገዳይ የሚለኝ?

በማግስቱ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ጣሳው ክዳኑን ከፍቶ ጠበቀኝ። ሰናይት እጇን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ቆማለች። እንሽላሊት ስታይ የምትጮህ ሴት ናት እኮ! ዓይኗን ጨፍና ነው ያወጣቻት።

“ማን ፈቀደልሽ?” አልኳት።

“እማዬ፣ እየሞተች ነበር፤ አሳዘነችኝ። እሷን ከቤቷ ሲያመጧት እርስዎስ ማን ፈቀደልዎት?”

እንዲህ አለችኝ! እኔን! አኩርፌ እራት ሳልበላ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። ልጄ ቢለምነኝ ፊቴን አዞርኩበት።

ከዚያ ቀና ስል፣ እንሽላሊቴን ግድግዳው ላይ አየኋት። አልሄደችም። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ግድግዳው ተለስኖ፣ ተቀብቶ፣ እንደ ሰሃን ያበራል። ጭንቅላቷን እንኳ የምታስገባበት ስንጥቅ የለውም። ያቺን ፍለጋ አውቃታለሁ። እኔም እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የምቀመጥበትን ጥግ እየፈለግኩ ነው። “የት ትሂጂ፣ እናቴ” አልኳት። ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ጉንፋን ነበረብኝ።

ሲነጋ ልጄና ሰናይት ሥራ እስኪወጡ ጠበቅኩ። በሩን ቆለፍኩ። ከማድ ቤት የሰናይትን ዘነዘና አመጣሁ። በዚህ ጉልበቴ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ አከራዩ የሚኮራበትን ግድግዳ ደበደብኩት፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እስኪከፈት። ከዚያ አቧራውን ጠረግኩ፣ ዘነዘናውን አጥቤ ቦታው መለስኩና፣ ሰናይት መጥታ ይቅርታ እስክትጠይቀኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።