ሰባት ትውልድ የገባበት ሣጥን

እስቲ አንድ ገበሬ አስቡልኝ። ጤፉን ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ሲያበቃ ጎተራ መሥራት ሰነፈና እህሉን በሙሉ ስሙን እንኳ በማያውቀው ባለጸጋ ጎተራ አስቀመጠ። ባለጸጋው ኪራይ አልጠየቀውም፤ «ደስ ባለህ ጊዜ መጥተህ ውሰድ» ነው ያለው። ነገር ግን ባለጸጋው በየቀኑ እህሉን እየዘገነ ያያል፤ ገበሬው ምን እንደዘራ፣ ስንት ልጅ እንደሚያበላ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ያጠናል። አንድ ቀን ደግሞ በሩን ዘግቶ «አላውቅህም» ይለዋል። ይህን ገበሬ ሞኝ ትሉታላችሁ። እኔም እላለሁ። እንግዲያው ኪሳችሁ ያለውን ስልክ አውጡና የልጆቻችሁ ፎቶ የማን ጎተራ ውስጥ እንዳለ ንገሩኝ።

አታውቁትም አይደል?

እኔ ሠላሳ ዓመት በሰው አገር መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የማን ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚነበብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በማን ፋይል እንደሚሳቅ አይቻለሁ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ተመልሼ ቤት እንደያዝኩ መጀመሪያ የሠራሁት የራሴን ጎተራ ነበር። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ሁለት ዲስክ ሰካሁበት፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ከባጃጅ በወጣ ባትሪ ደገፍኩት፤ ከግቢዬ ውጭ ማንም እንዳይደርስበት አድርጌ በእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለት ዲስክ ለምን? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አባቶቻችን ኮምፒዩተር ሳያዩ ነው፤ ዛሬ ባለሙያዎቹ ይህንኑ ለመናገር ወፍራም መጽሐፍ ይጽፋሉ። የመጀመሪያዋ ፎቶ ከስልኬ ወጥታ፣ ባሕር ማዶ ደርሳ ሳትመለስ፣ ከጓዳዬ ሣጥን ገባች። እልል አልኩ። ብቻዬን፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ጨው ልትበደር የመጣች ጎረቤት ስለ ይለፍ ቃል ተሰብካ ትመለሳለች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እላታለሁ። «እማማ፣ ከእንግዲህ ጨዉን ከሱቅ ብገዛው ይቀለኛል» አለችኝ አንዷ።

ነገሩ የገባት ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ነበረች። ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና ነው፤ ዘር መቁጠር ግን እንደ እሷ የሚችል አልነበረም። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሐረግ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። ሁሉም ወደ እሷ ይመጣ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ አሮጊት ራስ ውስጥ መቀመጡ አስጨንቆኝ «በድምፅሽ ቅጂው፤ ሣጥኑ ይያዝልሽ» አልኳት። እሺ አለች። የይለፍ ቃል የምታወጣ ዕለትም እንደ መምህር ቆምኩባት።

«ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእኔም ቢሆን። የልጅ ስም አይሆንም፤ የስልክ ቁጥር አይሆንም። ማንም የማያውቀው፣ አንቺ ግን የማትረሺው ይሁን።»

«እንዲህ ከሆነማ አለኝ» አለችና ስልኳን ወደ ደረቷ አስጠግታ ጻፈች። ኮራሁባት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ለብቻዋ ስትቀዳ ከረመች።

ያን ሰሞን ከይፋግ ሽማግሌዎች መጥተው የእትዬን የልጅ ልጅ ሰላማዊትን ለልጃቸው ጠየቁ። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው የተዋደዱ ናቸው፤ የጎደለው ቆጠራው ብቻ ነበር። «ለሰንበት ኑ፣ አሰማችኋለሁ» አለቻቸው እትዬ። ሰንበት ሳይደርስ ዐርብ ጠዋት አረፈች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። በእነሱ በኩል ቆጣሪው ከሞተ ቆይቷል፤ በእኛ በኩል ያለው ቆጠራ ከእኔ ሣጥን ውስጥ ነው። እኔም ሣጥኑ እንደማይከፈትልኝ ነገርኳቸው። አያ ደምሌ የሚባሉት፣ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ በትራቸውን ተደግፈው ሣጥኑን አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

«ድሮ ዘር ከሰው አፍ ነበር የሚገኘው። አሁን አስራችሁት ከእስር አልወጣም አላችሁ?»

«ይከፈታል፣ አያ ደምሌ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እንታገሣለን። ያኔም ካልተከፈተ ልጃችንን ሌላ ቤት እንጠይቅለታለን። እናንተም ሣጥኑን ዳሩት።»

ሰላማዊት ስኒዎቹን ሰበሰበች። ወደ ጓዳ ስትገባ ስኒዎቹ ይንጫጩ ነበር።

በባለጸጋው ጎተራ ቢሆን «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የምትል ቁልፍ አለች፤ ተጫን፣ ይከፈታል። የራስህ ጎተራ ባለቤት ስትሆን አቤት የምትልበት ድርጅት የለህም። ድርጅቱ እኔ ነኝ። ድርጅቱ ደግሞ የእትዬን ድምፅ ራሱም እንዳይከፍተው አድርጎ ቆልፎታል፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ለአገር ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የእናታችንን ስም ሞከርኩ፤ የምትወዳትን ላም ስም ሞከርኩ፤ የምትጠላውን ጎረቤት ስም ሳይቀር ሞከርኩ። እምቢ።

ቀጠሮው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የእትዬ የነፍስ አባት አባ ይርዳው ጠበል ሊረጩልን መጡ። በዕድሜ ሃያ ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ልጄ ይሉኛል።

«አባቴ፣ እትዬ የነገረችዎ ቃል ይኖር ይሆን?»

«ብትነግረኝስ በንስሐ የሰማሁትን አወጣለሁ ልጄ?»

«አያወጡም፤ አውቃለሁ። እኔም እኮ ያልኳት፣ ማንም የማያውቀው አንቺ ግን የማትረሺው ይሁን ብቻ ነበር።»

አባ ይርዳው የጠበሉን ዕቃ አስቀመጡና ሳቁ።

«እንዲህ ያለውንማ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ትቀበለው የለም ወይ?»

የክርስትና ስሟ! መተተኛ እንዳይሠራበት እየተባለ ከጎረቤት፣ ከባል እንኳ የሚሸሸግ ስም።

«በሕይወት ሳለች ለጸሎት የማውቀው እኔ ነበርኩ» አሉ አባ ይርዳው፤ «ካረፈች ወዲህ ግን ምሥጢር አይደለም። ፍትሐቱ ላይ ስንት ጊዜ ጠራሁት! አንቺስ ቆመሽ አልነበረም?»

ቆሜ ነበር። ያን ዕለት ግን ጆሮ አልነበረኝም።

ስሙን ደገሙልኝ። እዚህ አልጽፈውም። ሰላማዊት መነጽሬን አቀበለችኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ ሣጥኑ ተከፈተ፤ የእትዬ ሳል ቤቱን ሞላው። ከሳሉ ቀጥሎ «ይህቺ ሰው አገር የከረመች እህቴ ለሣጥን አውሪ ብላኝ ነው፤ ታዘብኳት» የሚል ድምፅ መጣ። ሰላማዊት ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ።

ዳግማይ ትንሣኤ አያ ደምሌ ከሣጥኑ ፊት ተቀምጠው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አዳመጡ። ከአንድ እስከ ሰባት ተቆጠረ፤ መገናኛ የለም። እትዬ ትንፋሽ ወሰደችና ቀጠለች፦ «የይፋጎቹ ከእኛ የሚገናኙት በስምንተኛው ነው። ደግ ሰዎች ናቸው። ከመጡ አትመልሷቸው።» አያ ደምሌ ብድግ ብለው ለሣጥኑ እጅ ነሱት። እልልታው ከቤት አልፎ መንገድ ወጣ።

እኔ ስለ ቁልፍና ምሥጢር ያላነበብኩት መጽሐፍ የለም። በሕይወት ሳለህ ከጎረቤትህ የሚሰውርህ፣ በሞትህ ማግስት ለወገንህ በራሱ የሚከፈት ቁልፍ የሠራ አንድ ባለሙያ ግን አላጋጠመኝም። እትዬ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ በአንድ ደቂቃ ሠራችው።

ምክር የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም አይጠፋም። የክርስትና ስም ደካማ የይለፍ ቃል ነው እላለሁ፤ አጭር ነው፣ ካህኑ ያውቀዋል፣ መጻሕፍቱ ሁሉ ይከለክሉታል። ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ «የእማማ የይለፍ ቃልስ ምን ይሆን?» ብለው ይሳሳቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ። ማወቅ የምትፈልጉ ቀብሬ ላይ ኑና ስሙ።