አልቋጠር ያለው ግንባሬ

በእኛ ከተማ መድከም ብቻውን አይበቃም፤ የደከመ ፊትን ለአላፊ አግዳሚው ማስረዳትም ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቤቴ እስከ ገበያ ስሄድ ቢያንስ አምስት ሰው ያስቆመኛል። «ምነው ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ? አመመሽ እንዴ?» አላመመኝም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ በቅንድቦቼ መካከል ያሉትን ሁለት ቦዮች የቆፈሩት የሰው ልጆች ናቸው። ግን ይህን ለስንቱ ላስረዳ?

ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ሰላም ይህ ነገር በመርፌ እንደሚጠፋ ስትነግረኝ እሺ አልኳት። ቁንጅና ፈልጌ አይደለም፤ ጥያቄው ሰልችቶኝ ነው። (ትንሽ ቁንጅናም ፈልጌ ነበር። እግዜር የሚያውቀውን ምን እደብቃለሁ?)

ሐኪሟ ጨዋ ልጅ ነች፤ ሳታስረዳኝ አልወጋችኝም። መድኃኒቱ ግንባር የሚያኮማትረውን ጡንቻ ያሰንፈዋል፤ መስመሩ ይለሰልሳል፤ ሦስት አራት ወር ቆይቶ ይለቃል። አንዳንዱን ራሱን ያመዋል፣ አንዳንዱ ይበልዛል፤ መድኃኒቱ ወደማይገባበት ከሸሸ ደግሞ የዐይን ቆብ ይወድቃል። በየውበት ሳሎኑ ሙያው የሌለው ሰው ሲወጋው ደግሞ ጣጣው ይብሳል አለች። በመጨረሻ ጣቷን ቀስራ፣ እስከ ማታ እንዳያጎነብሱ፣ ግንባርዎንም እንዳይጫኑት ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም እንደ ጥሩ ተማሪ ራሴን ነቀነቅኩ። ሠላሳ ዓመት «ገብቷችኋል?» ስል ራሳቸውን ሲነቀንቁልኝ የኖሩት ልጆች ምን ያህል እንደገባቸው የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ከክሊኒኩ ወጥተን መቶ እርምጃ ሳንሄድ ቤተ ክርስቲያን አጋጠመን። እንግዲህ እኔ የጎጃም ሴት ነኝ፤ ደጁን ሳልሳለም አላልፍም። በዚያ ላይ ፈጣሪ የሰጠኝን ፊት አሳርሜ መምጣቴ ይቆረቁረኝ ነበር። ስለዚህ ግንባሬን ከበሩ መቃን ላይ ተጭኜ፣ ስለ ግንባሬ ይቅርታ ለመንኩ። አልበቃኝም፤ ሦስት ጊዜ ወድቄ ሰገድኩ። ሰላም ከኋላዬ «እማዬ! እማዬ!» ስትል ጸሎቴ ልቧን የነካው መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ግንባሬ እንደተለሰነ ግድግዳ ሆነ። የግራ ዐይኔ ቆብም አብሮ ወደቀ። ሐኪሟ በጊዜው ይመለሳል፣ ይታገሡ አለችኝ። ሲያጌጡ ይመላለጡ እያልኩ አገሬ ገባሁ። በገባሁ ማግስት የጋሽ ደሳለኝን መርዶ ሰማሁ።

ጋሽ ደሳለኝ የትሁን ባል ነበሩ። ትሁን ደግሞ ሠላሳውን ዓመት አብራኝ ያስተማረች፣ ሰላምን ክርስትና ያነሳችልኝ፣ ከእህት የምትበልጥብኝ ጓደኛዬ ናት። ቀብሩ በትውልድ ቦታቸው በይጁቤ ነበር። ሆዴ እየነደደ ነው ለቅሶው ውስጥ የገባሁት፤ እንባዬም አልከዳኝም። ግን ከታች ዝናብ፣ ከላይ ብራ! ሰው ያየው የተወለወለ ግንባርና ግማሹ የተከደነ ዐይን ነው፤ እንቅልፍ የመጣባት ሙሽራ እመስላለሁ። በእኛ አገር አልቃሽ ደግሞ ያየችውን አትውጥም።

«ደጉ ሰው ተለይቶ፣ አገር ሁሉ ሲያነባ፣
ግንባሯን ወልውላ፣ ማናት የምትገባ?»

ለቀስተኛው ዞረ። ትሁንም ዞራ አየችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በሕይወቴ ፊቴን መቋጠር እንደዚያን ቀን ፈልጌ አላውቅም፤ አልቋጠር አለ። ሠላሳ ዓመት ሳልጠራው ሲመጣ የኖረ መስመር፣ አንድ ቀን ብፈልገው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቤቷ እየሄድኩ ጥግ ተቀምጬ እወጣ ነበር። ባሏ ለሞተባት ሴት «እኔ እኮ መርፌ ተወግቼ ነው» ተብሎ ይነገራል? የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬን በአንድ ግንባር አጣኋት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በመንገድ ግን አንድም ሰው አመመሽ ወይ አይለኝም፤ «ተመችቶሻል!» ነው የሚሉኝ። እንደዚያን ሰሞን ደክሞኝ አያውቅም።

የአርባው ተዝካር ወጥቶ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ትሁን ራሷ ቤቴ መጣች። ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ መርፌውን፣ መቃኑን፣ ስግደቱን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ነጠላዬን የሳብኩት ተቀይሜሽ መሰለሽ እንዴ አለችኝ። ዐይኔን ስታይ ሳቋ አምልጧት ኖሯል። በባሌ ቀብር ሳቅሁ ብላ አርባ ቀን ስትቃጠል ከርማለች። ደግሞ የሰው ነገር! ፊቷ ሲጠቁር «በቃሽ፣ ፈጣሪን አታስቀይሚ» ይሏታል፤ ትንሽ ፈታ ስትል «ረሳቻቸው» ይሏታል። ዳቦ ልትገዛ እንኳ ፊቷን አዘጋጅታ ነው የምትወጣው። ይህን እየነገረችኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ያው ከታች ብቻ።

ከዚያ እጇን ሰዳ ግንባሬን ዳሰሰችው። ስንት ወር ይቆያል ነው ያልሽኝ አለች። ሦስት አራት አልኳት። በጣቷ አሰላች።

«እስከ ሙት ዓመቱ ሦስቴ ብወጋ ይበቃኛል ማለት ነው» አለች። «ስግደቱን ግን አንቺ ትሰግጅልኛለሽ።»